አህያዋ የጠቆመችው ቤት

ጥቅምት 24 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ግራጫ አህያ ብቻዋን ሣር ስትግጥ ተገኘች። ጀርባዋ ላይ ድብዳብ እንጂ ጭነት የለም። ከመንገዱ በታች፣ ክረምቱ በቦረቦረው ጉድባ ውስጥ ደግሞ ጌታዋ ባምላኩ በጀርባው ተዘርግቷል። ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ደርቋል።

የደብረ ማርቆስ ፖሊስ የመቶ አለቃ ካሴ ወደ ጉድባው ወረደ። መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ መስታወቱን ከሰውየው አፍንጫ ሥር አስጠጋ። መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ።

"ሕይወት አለው" አለ ቀና ብሎ። "ሳይንስ ይሉሃል ይህ ነው፣ ደርቤ።"

ሃምሳ አለቃ ደርቤ ከላይ ቆሞ ያይ ነበር። "ጌታዬ፣ ሆዱም እኮ ከፍ ዝቅ ይላል።"

የዚያ ዓመት ጥቅምት ደስ የሚል ነበር። ጤፉ ገና ቢጫ አልሆነም፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ማሳው እንደ ውኃ ይተኛና ይነሣል። ሰዎች ባምላኩን በጋቢ ቃሬዛ አድርገው ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱት፣ ካሴ ዙሪያውን በማጉያ መነጽሩ ሲመረምር ቆየ። አዲስ አበባ ስድስት ወር ተምሮ ሲመለስ ይዟቸው የመጣ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ ያ ማጉያ መነጽር፣ ሌላው "ሙከራ" የሚል ቃል። ከመጣ ጀምሮ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ጠላ እውነት ያናግር እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ፖሊሶችን እስኪጠግቡ አጠጥቶ፣ "እኔ እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ?" ብሎ ጠየቃቸው። ሦስቱም "አጭር ነዎት" አሉት። ካሴም ጠላ እውነት ያናግራል ብሎ ደመደመ። ሳይጠጡ ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር ግን አልሞከረም።

"ባምላኩን አውቀዋለሁ" አለ ደርቤ። "ማር ነጋዴ ነው። ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ አገር ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ ሁለት ስልቻ ነው የሚጭን።"

ስልቻዎቹ የሉም። መጫኛው ግን አለ፤ ጠፍሩ ተፈትቶ፣ በወጉ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ይኸ ሌባ ጥሩ አሳዳጊ ያሳደገው ነው" አለ ደርቤ መጫኛውን አንሥቶ። "ሰው ደብድቦ ሲያበቃ ዕቃ ያሰናዳል።"

"ሌባው የፈለገው ማሩን ነው፤ ገመድ ምን ያደርግለታል?" አለ ካሴ። ዓይኑ አህያዋ ላይ ነበር። "ዋናዋ ምስክር እዚህ ቆማለች። ሌባውን አይታዋለች፣ አሽትታዋለች። መናገር ብቻ ነው ያቃታት። እኛ እናናግራታለን።"

አህያዋ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ታስራ አደረች። ካሴ ለዘበኛው ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ፤ ማስረጃ ስለሆነች ማንም ምንም እንዳያበላት።

"ውኃስ?" አለ ደርቤ።

"ውኃ ይፈቀድላታል።"

በማግስቱ ጠዋት አህያዋ ተፈታች። ካሴ ከኋላዋ፣ ደርቤ ከካሴ ኋላ፣ ሥራ ፈት ሁሉ ከደርቤ ኋላ ሆኖ ጉዞ ተጀመረ። ካሴ የጠረጠራት ሴት ነበረች፤ ጠጅ ቤት ያላት አሰገደች። የባምላኩን ማር ሌላ ሰው እንዳይገዛው ስትታገል የኖረች ናት። አሰገደች ወሬው ቀድሟት ኖሮ እጇን አጣምራ ደጃፏ ላይ ቆማለች። አህያዋ መጣች፣ ደረሰች፣ አለፈች።

"ተመስገን!" አለች አሰገደች። "ካህያ ፍርድ ያወጣኸኝ ጌታ፣ ተመስገን!"

አህያዋ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። አንድ የእንጨት አጥር ጥሳ ገባችና አንገቷን አቀርቅራ ቆመች። የጠላ ሻጯ የወይዘሮ ታየች ግቢ ነበር።

ታየች ከል ለብሳ ወጣች። ባሏ አዳሙ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው የሞተው።

"ደህና አደሩ፣ ወይዘሮ ታየች" አለ ካሴ። "ቤትዎን እንፈትሻለን።"

ከጓዳ አንዲት ገንቦ ማር ተገኘች።

"ይህ ማር ከየት መጣ?"

"ከንብ።"

ከአጥሩ ውጭ ሰው ሳቀ። ካሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ማር ነጋዴውን ባምላኩን ያውቁታል?"

"እንዴት አላውቀው? ለአዳሙ ተዝካር ማር ሊያመጣልኝ ትናንት ስጠብቀው ዋልሁ። ደግ አይደለም፣ ምን አገኘው ብዬ..."

"ስትጠብቀው ነበር!" አለ ካሴ ወደ ደርቤ ዞሮ። "በቀኑ፣ በሰዓቱ እንደሚያልፍ ታውቃለች።"

ታየች ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ካሴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ነገር አልነበረም።

"ስማ ልጄ" አለችው። "እኛ ልጅ ሳለን ሌባሻይ ይሉት ነገር ነበረ። አንዱን ምስኪን መድኃኒት ያጠጡና ይለቁብናል፤ ዞሮ ዞሮ የተኛበት ቤት የሌባ ቤት ነው ይባላል። ስንቱ ንብረቱን ተገፎበታል። ንጉሡ ከለከሉልንና አረፍን። እናንተ ደግሞ አህያ ጀመራችሁ?"

"ያ ጥንቆላ ነው። ይህ ሙከራ ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ካሴ አሰበ። "አህያዋ... ምንም አልጠጣችም።"

ታየች ነጠላዋን አጣፍታ ከፖሊሶቹ ጋር ወጣች። በመንገድ ላይ አላለቀሰችም። ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

"የአዳሙ አርባ እሑድ ሳምንት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ልጅ የለንም። የሚያስበው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጥንስሴ ጋን ውስጥ ነው፤ በቀኑ ካልደፈደፍሁት ኮምጥጦ ይበላሻል። እባክህ ልጄ፣ አርባውን ላውጣና ከዚያ ስቀለኝ።"

"ማሩ የት እንዳለ ቢነግሩን ዛሬውኑ ይወጣሉ" አለ ካሴ።

እሷም ወደ ውስጥ ገባች።

ዓርብ ዕለት የባምላኩ ሚስት ጥላነሽ ከወንድሟ ከደምለው ጋር መጣች። ባምላኩ ዓይኑን መግለጥ ጀምሯል፤ ሾርባ ሲያጠጡት ይውጣል፤ ነገር ግን ሰው አያውቅም፣ አይናገርም። ደምለው አልጋው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሴት አለቀሰ። አስታማሚዎቹ አባበሉት። ካሴም ልቡ ተነካ፤ ወደ በረንዳው ይዞት ወጣ።

"አብራችሁ ነበር የምትነግዱት?"

"አዎ ጌታዬ። አማቼም ጓደኛዬም ነው። ረቡዕ አብሬው ብወጣ ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር።"

"ለምን ቀረህ?"

"ኮሶ ጠጥቼ።" ደምለው ሆዱን ዳበሰ። "መቸም ኮሶ የጠጣ ሰው መንገድ አይወጣ። ስመላለስ ዋልሁ። ማታ ሲለቀኝ ሚስቴ ለማሻሪያ ዶሮ አርዳልኝ፣ እሱን ቀመስሁና ተኛሁ። ምነው በቀረብኝ!"

"አይዞህ" አለ ካሴ ትከሻውን ይዞ። "ሌባዋ በእጃችን ናት።"

"አመነች?"

"ታምናለች።"

ደምለው መሬት መሬት አየ። "እኔ... ሴት አይመስለኝም ነበር" አለ። ካሴ ሐዘን ያደረገው መስሎት ውኃ አስመጣለት።

ወሬው በቅዳሜ ገበያ ተሰራጨ። አህያ የጠፋበት ሁሉ "የመቶ አለቃውን አማክር" ይባል ጀመር። ካሴ አልተናደደም፤ ታላቅ ነገር ሲጀመር ይሳቅበታል ብሎ ራሱን አጽናና።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ግን በታየች ደጃፍ ሲያልፍ ቆመ። በፈረሰው አጥር በኩል የአህያ ጀርባ ታየው፤ አንድ ሳይሆን ሦስት። ሦስቱም አንገታቸውን አቀርቅረው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ጎን ለጎን ቆመዋል። ታየችን ተክታ ቤት የምትጠብቀው ጎረቤቷ አለሚቱ ታየች ሸጣ የጨረሰችውን ጠላ አተላ ከጋን እየቀዳች ገንዳው ውስጥ ትገለብጣለች። ደርቤም እዚያው ነው። ከሦስቱ አህዮች አንዷ የጣቢያው ውኃ መቅጃ ናት፤ እሷን ሊፈልግ መጥቶ ነው።

"ጌታዬ" አለ ደርቤ ኮፍያውን አውልቆ። "ይህችንም እንሰራት እንዴ? የመንግሥት ሠራተኛ ናት።"

ካሴ አልሳቀም። አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆየ።

"ደርቤ፣ አንድ አህያ አምጣልኝ" አለ በመጨረሻ። "ይህን ከተማ ረግጣ የማታውቅ። እንደዚያችኛዋ ምግብ ሳትቀምስ ትደር።"

ከጉንደ ወይን እህል ጭኖ የመጣ አንድ ነጋዴ ለምነው አህያውን ተዋሱት። በነጋው ማለዳ ለቀቁት። አህያው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ነፋሱን አሸተተ። ከዚያ ለአፍታ እንኳ ግራ ሳይጋባ ታየች ግቢ ገባና ገንዳው ውስጥ ጥልቅ አለ።

ካሴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"ሙከራዬ ያስረዳው" አለ፣ "አህያ አተላ እንደምትወድ ነው።"

"እሱንማ እናቴም ታውቅ ነበር፣ ጌታዬ።"

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ግን ታየች ትፈታ ቢለው አልሰማውም። "ካገር ቤት እስከ ጠቅላይ ግዛት አሳውቀናል" አለ ጠረጴዛውን እየመታ። "ሌባ ተያዘ ተብሏል። ሌላ ሌባ አምጣና ይቺኛዋ ትሂድ። ባዶ እጄን አልቀርም!"

ካሴ ሲወጣ ታየች በእስር ቤቱ መስኮት አየችው። አልሰደበችውም። "ማክሰኞ ነው አይደል ዛሬ?" ብቻ አለችው። "ተበላሽቷል እንግዲህ።"

ካሴ ወደ ግቢው ገባና መጫኛውን ከመጋዘን አስወጣ። ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ የነበረው ያው ነው። ሁለት ስልቻ አሸዋ አስሞላ፤ የባምላኩን አህያ አስመጣ። ያችን ሌሊት ግን ገብስ እንድትበላ አዝዞ ነበር።

"ልርዳዎት?" አለ ደርቤ።

"አትንካ! ባምላኩ ብቻውን ወጣ ነው የተባልነው። እኔም ብቻዬን እጭናለሁ።"

የግራውን ስልቻ አነሣ፤ ድብዳቡ ላይ አጋደመ። የቀኙን ሊያነሣ ሲዞር የግራው ወደቀ። እንደገና አነሣው። እንደገና ወደቀ። በትከሻው ደግፎ በእግሩ ሌላውን ሊስብ ሞከረ፤ አህያዋ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች፤ ካሴ ከሁለቱ ስልቻ መሐል ተዘረጋ። እስረኞቹ በመስኮት ተደራርበው ያያሉ። ከውስጥ የታየች ሳቅ ተሰማ፤ ከታሰረች ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

ካሴ አሸዋ ላይ እንደተኛ ሰማይ ሰማዩን አየ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር።

"ደርቤ፣ ና። በቀኝ በኩል ያዝ።"

ያዘ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ሆነው እኩል አነሡት፤ ጭነቱ እንደ ሰፌድ ተደላደለ።

"ረቡዕ ጠዋት" አለ ካሴ አቧራውን እያራገፈ፣ "በቀኝ በኩል ማን ነበር የያዘው?"

ደርቤ ሳቁን አቆመ። "ሚስቱ ትሆናለች።"

"እንጠይቃት። ያ የያዘው ሰው ጭነቱን የፈታውም ሰው ነው። ሌባ ጠፍር በጩቤ ቆርጦ ይሮጣል። ቋጠሮውን እየፈታ፣ መጫኛውን እየጠቀለለ የሚያስቀምጥ ግን የዕለት ሥራው የሆነ ነው። እጁ ነው የሠራው፤ እሱ አላሰበበትም።" መነጽሩን አስተካከለ። "ይኸውልህ ደግሞ መደምደም ጀመርሁ። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

በማግስቱ፣ ኅዳር 1 ቀን፣ ባምላኩ አልጋ አጠገብ ጥላነሽና ደምለው ተቀምጠው አገኟቸው። ካሴ ለሁለቱም እጅ ነሣ።

"ወይዘሮ ጥላነሽ፣ ባምላኩ የመጣ ዕለት ሲጭን አግዘሽዋል?"

"ኧረ አልነበርሁም ጌታዬ። እናቴ ታማብኝ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ነበርሁ። እሱ የሚጭነው ከደምለው ጋር ነው።"

"ደምለው ያን ቀን ኮሶ ጠጥቶ ነበር አሉ።"

"እንደዚያ ብሎኛል።"

"ኮሶ ክፉ ነው" አለ ካሴ ወደ ደምለው ዞሮ። "ደግነቱ ማሻሪያው ያስረሳል። ምን ነበር ያልኸኝ?"

"ዶሮ" አለ ደምለው።

ጥላነሽ ቀና አለች። "ማን ነው ዶሮ የበላ?"

"እኔ ነኛ፣ ያን ቀን..."

"ረቡዕ?"

ደርቤ አማተበ።

"ረቡዕ ዶሮ በላህ፣ ደምለው?" አለች ጥላነሽ። "የእማማ ልጅ? ፆም ሻርህ?"

ደምለው ፊቱ ተቀያየረ። እህቱን አየ፣ ካሴን አየ፣ እንደገና እህቱን አየ። ከሁለቱ ኃጢአት የትኛው እንደሚከብደው ሲመዝን ይታይ ነበር። በመጨረሻ ዘሎ ተነሣ።

"አልሻርሁም! በማርያም! ረቡዕ ሥጋ ባፌ ዞሮ አያውቅም!"

"ዶሮውን አልበላህም?" አለ ካሴ።

"አልበላሁም!"

"ኮሶውንስ?"

ደምለው ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አልጠጣሁም" አለ።

የቀረውን ሳይጠየቅ ተናገረ። አብረው ጭነው፣ አብረው ነበር የወጡት። ባምላኩ ማሩን ለታየች ባላት ዋጋ እሰጣለሁ አለ፤ ባምላኩ ባይተዋር ሆኖ ከተማ በገባበት ዘመን አዳሙ ቤቱ አሳድሮታል፣ የሠርግ ልብሱንም በነጻ ሰፍቶለታል። ደምለው ደግሞ ማሩ የእኔም ነው፣ አሰገደች እጥፍ ትከፍላለች አለ። መንገድ ላይ ተናቆሩ። ደምለው ገፈተረው፤ ባምላኩ ወደ ጉድባው ወድቆ ጆሮ ግንዱ ድንጋይ አገኘው።

"ጠራሁት። ዝም አለኝ። ሦስቴ ጠራሁት" አለ ደምለው። "ሞተ አልሁ። ሌባ የገደለው እንዲመስል ማሩን አውርጄ ከቁጥቋጦ ሥር ደበቅሁት።"

"ሆዱን አላየኸውም?" አለ ደርቤ። "ከፍ ዝቅ ሲል?"

"አላየሁም።"

"መጫኛውን ለምን ጠቀለልኸው?" አለ ካሴ።

ደምለው ግራ ገብቶት አየው። "መጫኛ ሲፈታ ይጠቀለላላ" አለ። ከዚያም እንደ ዓርቡ ዕለት ማልቀስ ጀመረ፤ ያን ዕለትም ያለቀሰው ከልቡ ነበር። ጥላነሽ በአንድ እጇ የባሏን እጅ ይዛ፣ በሌላው ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች። ወንድሟን ይዘውት ሲወጡ አልተነሣችም።

ማሩ ደምለው ባለው ቦታ ተገኘ፤ ስልቻውን ጉንዳን ወርሮታል እንጂ አልተነካም። ካሴ ለሻምበሉ ሪፖርት ከማድረጉ በፊት ሁለቱን ስልቻ አህያዋ ላይ አስጭኖ፣ ታየችን ከእስር አስወጥቶ፣ እስከ ቤቷ ሸኛት። ታየች ገብታ የጋኑን ክዳን አነሣች፤ የኮመጠጠው ሽታ እስከ ደጅ ወጣ። ክዳኑን መልሳ ከደነች።

"ወይዘሮ ታየች፣ እኔ..." አለ ካሴ።

"አርባው እሑድ ነው" አለች። "ጠላ አይደርስም።" ስልቻዎቹን ዳበሰች። "ብርዝ ግን ይደርሳል።"

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ውኃ ቅዳ።"

የመቶ አለቃ ካሴም ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ በጣቢያው አህያ ከምንጭ ውኃ አመላለሰ። ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ሳቁበት። ማዕረጉ ትከሻው ላይ እያበራ እንስራ ሲያዘነብል ያየ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ቅዳሜ ማታ ከሐኪም ቤት መልእክት መጣ። ባምላኩ ተናግሯል። የመጀመሪያ ቃሉ፣ "ማሩ ለታየች ደረሰ?" የሚል ነበር።

እሑድ ዳሱ ሞላ። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን አድርሰው በረድፍ ተቀመጡ፤ አለሚቱና አሰገደች ሳይቀሩ ብርዙን ይቀዱ ነበር። የኅዳር ፀሐይ በቅጠሉ መሐል ሾልካ ፊታቸው ላይ ታርፋለች። ያን ቀን ከነበሩት ዛሬ ያሉት ጥቂት ናቸው። ታየች ከሁሉም ፊት ቆማ፣ "አዳሙ፣ አወጣሁልህ" አለች ጮክ ብላ፤ እልልታም ለቅሶም ባንድ ጊዜ ተሰማ።

ካሴ ከዳሱ ጫፍ ከደርቤ ጋር ተቀምጦ ሕዝቡን ሲያይ ቆየ።

"አየህ ደርቤ? ይህን ያህል ሰው ጠጥቶ የተጣላ የለም። ብርዝ ጠብ ይከለክላል ማለት ነው።"

"ካንድ ተዝካር፣ ጌታዬ?"

ካሴ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ትቶት ብርዙን ጠጣ።

ደምለው ሁለት ዓመት ተፈርዶበት፣ ባምላኩ ለምኖለት በዓመቱ ወጣ። ባምላኩ አንድ ጆሮው ደንቁሮ ቀረ። የመቶ አለቃ ካሴ ወደ ጉንደ ወይን ተዛውሮ ሄደ፤ ታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. በሳንባ ምች ታሞ እዚያው ሞተ። ደርቤ አስከሬኑን በጭነት መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ይዞት መጣ፤ መንገዱን ሙሉ በቀኝ በኩል ሳጥኑን በሁለት እጁ ደግፎ ቆሞ ነበር የመጣው።